አርባ ስምንተኛው በር

በዚያ ሰፈር የቤት ቁጥር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ፖስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቸግረው። ሌላው ሰው የሚያውቀው በር ነው። «ቢጫው በር ጋ ስትደርስ ታጠፍ»፣ «ከሰማያዊው በር ሦስተኛው»፣ «ያ ውሻ ያለበት ቀዩ በር» ይባላል እንጂ ሃያ ሦስት ቁጥር፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር ብሎ ነገር አይታወቅም። በቁጥር የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ ወይ ቆጣሪ አንባቢ ነው ወይ ክስ ይዞ የመጣ ነው ተብሎ ስለሚጠረጠር ማንም ቶሎ አይመልስለትም።

በሮቹን እንዲህ ዥንጉርጉር ያደረጋቸው አንድ ሰው ነው። ጋሽ ብሩሽ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያው ላይ ወርዶ አያውቅም። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መሰላል የተሸከመው በዚያ ትከሻ ነው። ከጥፍሩ ሥር ቀለም ስለማይጠፋ «ዛሬ ማን ቤት ዋልክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጣቱን አይተው ያውቁታል።

ሰፈሩን የሠራው ከወንዙ ማዶ የነበረው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ስድስት፣ ጠቅላላ አርባ ስምንት ቤት። ሁሉም ሁለት ክፍል ከኩሽና፣ ሁሉም ሁለት ደረጃ ያለው በረንዳ፣ ሁሉም ግራጫ የብረት በር። ለምን ግራጫ ሆነ ቢባል፣ ለማሽኖቹ ከተገዛው ቀለም የተረፈው ግራጫ ስለነበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው የሰው ቤት ሰተት ብሎ እየገባ ሲተዛዘብ ከረመ። አንዱ ፈታይ ከፈረቃ ደክሞት ሲመለስ ድስት ከፍቶ ሾርባውን ጠጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ጋደም ካለ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ የእሱ አለመሆኑን ያየው።

ይህ ጣጣ መጀመሪያ የሰለቸው አንድ የፈረቃ አለቃ ነበር። ከከተማ አንድ ወጣት ቀለም ቀቢ አስጠርቶ «መካከለኛው ረድፍ፣ ሰባተኛው ቤት፤ በሩን አረንጓዴ ቀባልኝ» ብሎት ወደ ሥራው ሄደ። በሰፈሩ ቤት የሚቆጠረው ከዳቦ ቤቱ በኩል ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ወጣቱ ግን የመጣው በአውቶብስ ስለሆነ ከአውቶብስ ማቆሚያው ጀምሮ ሰባት ቆጠረ። ከዳቦ ቤቱ ሲቆጠር አሥረኛ በሆነው ቤት ፊት ጣሳውን ከፍቶ ሥራውን ጀመረ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩን ጨርሶ ብሩሹን ሲያጥብ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከአውቶብስ ወርዳ መጣች። በከተማው ስልክ ቤት የምትሠራ ስልከኛ ነች፤ ቤተሰቦቿ እዚህ ከገቡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው። ከንፈሯ በሹክሹክታ ይቆጥራል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብላ አረንጓዴውን በር ስታይ ቆመች። ተመልሳ እስከ ማቆሚያው ሄዳ እንደገና ቆጠረች። አሁንም ሰባተኛው አረንጓዴ ሆነባት። እስከ ረድፉ ጫፍ ሄዳ ተመለሰችና ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ወደደፋው ቀለም ቀቢ ቀረበች።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ እዚህ አካባቢ ግራጫ በር ያለው ቤት አላየህም?»

ዙሪያውን አርባ ሰባት ግራጫ በር ተገትሯል። «ግራጫውማ ሞልቷል እህቴ፤ የትኛውን?» አላት።

«የኛን ነዋ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና በሩን አየ። ከዚያ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የከፋውን ውሸት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። «የናንተን አላየሁም እህቴ» አለና መሰላሉን አንስቶ እግሬ አውጪኝ ሊል ሲል፣ አባትየው ከውስጥ በሩን ከፍቶ «ልጄ፣ ምን ውጭ ያቆምሻል?» አላት።

የተከተለውን ስድብ ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ ሲያወራው ኖሯል። አባትየው ግን በሩን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ወደደው፤ ይመለስ ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። የአለቃው በር የተቀባው በተረፈው ቀለም ነው። ቀለሙ ስላልበቃ ከግራጫ ጋር ተደባለቀ። አለቃው «ይኼ ምን የሚሉት አረንጓዴ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የአለቃ አረንጓዴ ነው» ተባለ። አለቃው ደስ ብሎት ሄደ።

ስልከኛዋ ይቅር ለማለት ስምንት ወር ፈጀባት። ወጣቱ በየቀኑ ዳቦ ቤት እየሄደ ስልኩን እያነሳ የሌለ ቁጥር እንድታገናኘው ይጠይቃታል። በአራተኛው ቀን ድምፁን ለየችው። «ያንን ቁጥር አላየሁም ወንድሜ» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት፤ እሱ ግን መሳቋን ከመዝጋቷ በፊት ሰምቷል። ከተጋቡ በኋላ «ዋሾው» ስትለው ኖረች። እንግዳ ሲመጣ «ዋሾውን ጥሩልኝ»፣ ልጅ ሲወለድ «ዋሾው አባቷን ትመስላለች»። እሱ ደግሞ እሷን «አንቺ ልጅ» ይላታል፤ ሰባ ዓመት አልፏትም እንዲሁ ነው። አባትና እናቷ ሲያልፉ ቤቱ ለእነሱ ቀረ፤ በሩም በየአራት ዓመቱ በዚያው አረንጓዴ እየታደሰ ኖረ።

የአለቃው በር የቀለም ቀቢውን አሠራር ለዘለቄታው ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ብሩሽ የተረፈ ቀለም ጥሎ አያውቅም። የአንዱ ቤት ትርፍ ወደ ሌላው ቤት ስለሚሄድ የዚያ ሰፈር በሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው። የቢጫው ቤት ሰማያዊ መስኮት የሰማያዊውን በር ወለደ፤ የሰማያዊው ትርፍ የድልድዩን መደገፊያ ቀባ። በየዓመቱ የኳስ ሜዳውን የግብ ብረቶች ነጭ የሚቀባቸው እሱ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ሰሌዳዎችም ጥቁር። ከሰፈሩ ጀርባ በነበረው የጡብ ፋብሪካ ጓሮ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ሐይቅ የሚባልበት፣ ልጆች ዋኝተው ቀይ ሆነው የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር፤ ሰዓት የሌለውም ቢሆን ሰዓት እንዳለው ሰው ቀና ይል ነበር።

አሁን ሐይቁ ተደፍኖ የጎማ መጋዘን ሆኗል። ኳስ ሜዳው ላይ ሦስት ረጃጅም ሕንፃ ቆሟል። ወንዙ ቱቦ ውስጥ ስለገባ ድልድዩ የሚያሻግረው ነገር አጥቶ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል። ስልክ ቤቱ ሰው አያስፈልገውም። ጡሩንባው ፋብሪካው ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው፤ ጋሽ ብሩሽ ግን እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጆሮው ይነሳል። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዘመን ነገር ሁሉ ደግ አልነበረም፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ቢሆንም ይናፍቀዋል፤ ጭቃው ሳይቀር ይናፍቀዋል።

የቀሩት በሮቹ ናቸው። እሷም አለች፤ ግን እሷ ላይ አንድ ነገር መጣ።

መጀመሪያ ቁልፉን የስኳር ጣሳ ውስጥ አስቀምጣ አገኙትና ሳቁ። ቀጥሎ የልጇን ስም ለመጥራት የእህቶቿን ስም ሁሉ መዞር ጀመረች። አራት መቶ የስልክ ቁጥር በቃሏ የያዘች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት የአውቶብስ ሾፌር ከመጨረሻው ፌርማታ መልሶ አመጣት፤ የምትወርድበት ጠፍቶባት እስከ ጥግ ሄዳ ነበር። ያን ቀን ከከተማ ልጃቸው መጣች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ብቻችሁን አልተዋችሁም» አለችው ኩሽና ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ከጠፋች እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ቃልህን ስጠኝ።»

ቃሉን ሰጣት። የልጅቱ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ሊፍት አለው። ባለፈው ዓመት አንድ ሳምንት ተቀምጠውበታል። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ አንድ ዓይነት አሥራ ሁለት በር ተደርድሮ ስታይ መሐሉ ቆማ አለቀሰች። ስለዚህ ወደዚያ መሄድ ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ብሩሽ ያውቃል። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰው ሲከፍትላት የምትወጣ፣ ሲዘጋባት የምትቀር ሴት ትሆናለች ማለት ነው።

እዚህ ግን አንድ ነገር አላት። ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት የጨርቅ ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ዳቦ ቤት ትሄዳለች። ዳቦ ሻጯ ሳትጠየቅ ሁለት ዳቦ ትሰጣታለች። ስትመለስ በሮቹን እያየች፣ ቀዩን አልፋ፣ ሰማያዊውን አልፋ፣ አረንጓዴው ጋ ስትደርስ የበሩን ማጠፊያ በጣቷ ነካ ታደርጋለች። «ይኸው» ትላለች ለራሷ። ባሏ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሞ ሁልጊዜ ያያታል፤ ያች «ይኸው» እስክትሰማ ድረስ ሻይ አይቀምስም። ለጎረቤት አንድም ቃል አልተናገረም። እሷም በደህናው ዘመኗ የሰው ከንፈር መጠጣ አትወድም ነበር፤ እሱም ለዚያ ሲል አፉን ሞልቶ «ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ሰው ዝምተኛ ሆነች ብሎ አለፈው።

እንዲህ እያሉ ሳለ የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊት ለፊታቸው፣ ቢጫው በር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ አንድ በሽታ ግን አለበት፤ የተሰለፈ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ጫማው፣ የአበባ ጣሳው፣ የግቢው ድንጋይ ሁሉ በሰልፍ ነው። ልጁ ከአንድ ሆቴል ግንባታ የተረፈ ስምንት ትልልቅ ጣሳ ቡናማ ቀለም በነፃ አምጥቶለታል።

«ሰፈራችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው» አለ ሾፌሩ በዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ። «እስከ መቼ የልብስ ማስጫ ገመድ እንመስላለን? አንድ ወግ ያለው ቀለም እንያዝ። ጋሼ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ጋሽ ብሩሽ «የኔ በር ብቻ ትቅር» ሊል አፉን ከፈተ። ለምን ይሉታል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ደግሞ እሷን እዚያ፣ በሰው ፊት፣ አውጥቶ ማስቀመጥ አለበት። ከስብሰባው ግማሹ በስልክ ድምፅዋን እየሰማ ያደገ ሰው ነው።

«ጥሩ ቀለም ነው» አለ። «ዝናብም ፀሐይም ይችላል።»

ተጨበጨበለት። አርባ ስምንቱንም በር እሱ እንዲቀባ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ሌላ ሰው ማሰብም ነውር ነበር። ቤት ሲገባ ምላሱን መቁረጥ አምሮት ነበር። ሚስቱ «ምን አሉ?» ስትለው «ስለ ቆሻሻ ገንዳው ነው» አላት።

ሥራው ሃያ አንድ ቀን ፈጀ። በየበሩ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ የራሱ ዕድሜ እየተላጠ ይወጣ ነበር፤ ከቀዩ ሥር ብርቱካናማ፣ ከብርቱካናማው ሥር ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር ያ ግራጫ። አንዱ በር ላይ ልጁ በተወለደችበት ሳምንት በደስታ ቸኩሎ የተዝረከረከበትን ጠብታ አገኘና ፍቆ ማጥፋት ስለከበደው በላዩ ላይ ቡናማውን አልፎበት ሄደ። ሰፈሩ ደግሞ በግማሽ መንገድ ዕብደት ጀምሮት ነበር። አንዲት ሴት የወንድሟ ቤት መስሏት ሰው ቤት ገብታ፣ ማንም ስላልነበረ ሻይ አፍልታ ጠበቀች፤ ባለቤቶቹ ሲመጡ «እናንተ ደግሞ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለቻቸው። ሾፌሩ ራሱ ሁለት ጊዜ የጎረቤቱን በር በራሱ ቁልፍ ሲታገል ታይቷል። በኋላ ግን ቁልፉን ነው የወቀሰው።

አርባ ሰባቱ ሲያልቁ «ጋሼ፣ የራስህን ለራስህ ደበቅከው እንዴ?» ማለት ተጀመረ። ቀልድ ነው፤ ግን በየቀኑ ተደገመ። ጋሽ ብሩሽም አሰበበት። በሩ ቢለወጥ እኔ አለሁ፣ አለ ለራሱ። እሷ ከዳቦ ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። አርባ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረውን ሰው ቆሞ እያየችው ወዴት ታልፋለች? ይህን ሲያስብ ትንሽ ቀለል አለው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ከወጣች በኋላ የሥራ ልብሱን ለበሰ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ጣሳውን ከፈተ። የራሱን በር መፋቅ ግን እጁ አልታዘዝለት አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰነፍ ቀቢ የሚሠራውን ሠራ፤ ሳይፍቅ፣ በአረንጓዴው ላይ ቡናማውን ጫነበት። በአርባ ደቂቃ አለቀ። ብሩሹን ይዞ በሩ ጎን ቆመና ጠበቃት።

መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ዳቦ አለ። በሮቹን እያየች፣ እያዘገመች መጣች። ፈገግ አለላት። በትሕትና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችውና አለፈች።

ብሩሹን እንደያዘ በዓይኑ ተከተላት። እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ሄደች። ተመለሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ትቆጥራለች። ሰባተኛው ጋ ቆመች፣ ቡናማውን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ እስከ ረድፉ ጫፍ ሄዳ እንደገና ተመለሰች። ፊቷ ላይ ያ ኮሪደር ላይ ያየው ፍርሃት መምጣት ሲጀምር ወደ እሱ ቀረበች።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለችው። «እዚህ አካባቢ አረንጓዴ በር ያለው ቤት አላየህም?»

ጋሽ ብሩሽ እንባው መጣ። አልደበቀውም፤ ለማን ብሎ ይደብቀዋል? የማታውቀው ሰው ነው።

«አይቻለሁ እህቴ» አላት። «የናንተን አይቻለሁ። እዚህ ተቀመጪ፣ አሁን አሳይሻለሁ።»

ከግቢው ዱካ አውጥቶ ጥላው ላይ አስቀመጣት። ቲነር አሮጌውን ቀለም ስለሚልጥ ትቶት ነጭ ጋዝ አመጣ፤ ጨርቅ ነከረና ገና ያልደረቀውን ቡናማ ከላይ ጀምሮ ይጠርግ ገባ። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ አረንጓዴው ብቅ ይላል። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

ሾፌሩ ከፊት ለፊት ወጣ። «ጋሼ፣ ምን ሆንክ? የተቀባ በር ታጥባለህ?»

ጋሽ ብሩሽ እጁን አላቆመም። «ሚስቴ ትረሳለች» አለ። ሁለት ዓመት አፉ ውስጥ የከረመ ቃል ስለሆነ ጮክ ብሎ ወጣ። «ሁለት ዓመት ሆናት። ቤቷን የምታውቀው በዚህ ቀለም ነው። እኔንም አሁን አላወቀችኝም። ያን ቀን በረንዳው ላይ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ለልጄም ዛሬውኑ እነግራታለሁ፣ የምትለውን ትበል። በሩ ግን አይቀባም።»

ሾፌሩ ሴትየዋን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየ። «አሁን እንኳን» አለ በመጨረሻ፣ «ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ ይታያል። ከቡናማው መሐል እሱ ብቻ ነው የሚታየው።» እጅጌውን ሰብስቦ ሌላ ጨርቅ ጋዝ ውስጥ ነከረና የታችኛውን ክፍል ይዞ ይጠርግ ጀመር። ሰልፉን ያበላሸው በራሱ እጅ ነው፤ ሰፈሩ ይህን አይረሳለትም።

በሩ ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ ሴትየዋ ከዱካው ተነሳች። ቀርባ ማጠፊያውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይኸው» አለች።

ከፍታ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ዞር አለች። «ደክመሃል ወንድሜ። ግባና ሻይ ጠጣ። ባለቤቴ አይቆጣም፤ እሱም እንዳንተ ቀለም ቀቢ ነው።»

ጋሽ ብሩሽ ኮፍያውን አውልቆ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እሺ እህቴ» አለና ተከትሏት ገባ። ዘወትር የሚቀመጥበትን ወንበር ትቶ የእንግዳው ላይ ተቀመጠ። እሷ ሻዩን ቀድታ ዳቦውን ስትቆርስ እጇን ያያል።

«ባለቤትሽ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አላት።

«ዋሾ ነው» አለችው እየሳቀች፤ ከዚያ ትልቁን ቁራሽ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «እስኪመጣ አንተ ብላ።»